የስር ውሃ ፍሰት ልኬት ሲያስቸግር፦ ከጣና እስከ ቀይ ባሕር

ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሰሜን ያሳያል። ከጀልባው ጎን ውሃ ላይ የጣልናት የእንቦጭ ቅጠል ግን ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕር ዳር እየሄደች ነው። ማንን እንመን?

በዚህ ጥያቄ ምክንያት ስንት ቀን ጣና ላይ ፀሐይ እንደመታኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ሥራዬ የውሃ ፍሰት መለኪያዎችን መሞከር ነው። ትልቅ ባሕር ላይ ሊሠሩ የሚሄዱ ልጆች አንዳንዴ መሣሪያ፣ አንዳንዴ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ጣና ቢበዛ 14 ሜትር ነው። ቀይ ባሕር 2,000 ሜትር አልፎ ይወርዳል። ምን አገናኛቸው?» ይሉኛል። የሚያገናኛቸው ስህተቱ ነው። የተዛባ ኮምፓስ 10 ሜትር ላይም 2,000 ሜትር ላይም እኩል ይሳሳታል። ጣና ላይ ግን የጠረጠራችሁ ዕለት ገመዱን ስባችሁ ታወጡታላችሁ። ጥልቅ ባሕር ላይ መሣሪያው ዓመት ሙሉ ታች ይቀመጣል። ስህተቱን የምታውቁት ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ እኔ የምለው፣ መሣሪያው መጀመሪያ ጣና ላይ ይጠመቅ።

ወደ ችግሮቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ከፊል ዝግ በሆነ ባሕር «ውጤቱ እንግዳ ከሆነ መሣሪያው ተበላሽቷል» የሚለው ፍርድ አይሠራም። እንዲህ ባለ ባሕር ላይኛው ውሃ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ታችኛው በተቃራኒው መሄዱ የተለመደ ነው። ኢስታንቡል ላይ በቦስፎረስ ወሽመጥ ላይኛው ውሃ ከጥቁር ባሕር ይወጣል፣ ጨዋማውና ከባዱ ውሃ ደግሞ ከስር ወደ ጥቁር ባሕር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1679 እዚያ የነበረው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ፈርዲናንዶ ማርሲሊ ነጭ ቀለም የተቀቡ ቡሾችን ገመድ ላይ አስሮ ወደ ታች ላከ። ከላይ ያሉት ወደ አንድ ወገን፣ ከታች ያሉት ወደ ሌላው ሄዱ። ነገሩን ቀድመው ያወቁት ግን ዓሣ አጥማጆቹ ነበሩ፤ እሱም ከእነሱ ነው የሰማው።

በእኛ ሰፈር ያለው፣ ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኘው ባብኤል መንደብ ወሽመጥ ደግሞ የባሰ ነው። በፈረንጆቹ ክረምት፣ ማለትም በእኛ በጋ፣ ሁለት ንብርብር አለ፤ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ላዩን ይገባል፣ ጨዋማው የቀይ ባሕር ውሃ ከስር ይወጣል። በእኛ ክረምት ሦስት ይሆናል። ላይኛው ይወጣል፣ መካከለኛው ይገባል፣ የታችኛው ደከም ብሎ መውጣቱን ይቀጥላል። ይህን የማያውቅ ሰው መሣሪያውን ሦስቴ ፈትቶ ሦስቴ ይገጥማል።

እኛም ዘንድ ግልገል ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ያቋርጣል ሲባል ያልሰማ የለም። ሳይቀላቀልስ አይቀርም። ግን ደለል የተሸከመ ውሃ ከሐይቁ ውሃ ሊከብድና ከስር ሊሰምጥ ይችላል። ታዲያ እንግዳ ነገር ስታዩ ቶሎ አትጣሉት፣ ቶሎም አትመኑት። መጀመሪያ መሣሪያውን መርምሩ።

ቀስቱ ተገልብጧል

አቅጣጫው ልክ 180 ዲግሪ የዞረ ሲሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው መሣሪያውን አይደለም፣ ቋንቋውን ነው። ነፋስ የሚጠራው በመጣበት ነው። የውሃ ፍሰት የሚጠራው በሚሄድበት ነው። የሰሜን ነፋስ ስንል ከሰሜን የመጣ ማለታችን ነው። የሰሜን ፍሰት ስንል ደግሞ ወደ ሰሜን የሚሄድ። ሁለቱን አንድ ሠንጠረዥ ላይ የጻፈ ሰው አንዱን ሳያስበው ይገለብጠዋል። እኔ ገልብጫለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ «ውሃው ነፋሱን እየተቃወመ ነው» እያልኩ ለሰው ሳወራ ነበር።

የማጣሪያው ዘዴ ርካሽ ነው። ሁለት የሸራ ቁራጮችን አጠላልፋችሁ መስቀል ሥሩ። ከሥሩ ድንጋይ፣ ከላይ በቀጭን ገመድ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ እሰሩለት። ሁለት እንዲህ ያሉ ሠርታችሁ አንዱን 1 ሜትር ላይ፣ ሌላውን 6 ሜትር ላይ ልቀቁ። 20 ደቂቃ በስልካችሁ ጂፒኤስ ተከታተሉት። የ20 ሊትር ጀሪካን ለተንሳፋፊነት አትጠቀሙ፤ ነፋስ ነው የሚነዳው። ውሃ ውስጥ ያለው ሸራ ከላይ ከሚታየው ተንሳፋፊ ወደ 40 እጥፍ ቢሰፋ ጥሩ ነው።

የ1 ሜትሩ ከቅጠሏ ጋር ወደ ደቡብ ሄዶ የ6 ሜትሩ ወደ ሰሜን ከተመለሰ ነገሩ እውነት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ውሃውን ወደ ደቡቡ ዳርቻ ይገፋዋል። የተከመረው ውሃ የሚመለሰው በስር ነው። ሁለቱም ሸራዎች ወደ ደቡብ ሄደው መሣሪያው ከላይ እስከ ታች ሰሜን ካለ ግን ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሱ። የመደመርና የመቀነስ ምልክት የሆነ ቦታ ተቀያይሯል።

አቅጣጫው ጥቂት ዲግሪ ስቷል

ይኼ ከመገልበጥ ይከፋል፣ ምክንያቱም አይታይም። 180 ዲግሪ ማንም ያየዋል። 25 ዲግሪ ግን «ወደ ባሕር ዳር» የሚለውን «ወደ ዘጌ» ሊያደርገው ይችላል፣ ማንም ደግሞ አይጠይቅም።

ብዙ ጊዜ መንስኤው ብረት ነው። አንድ ጊዜ ለመሣሪያው መቆሚያ አሠራን። ማይዝግ ብረት ብቻ ብለን አዘዝን። ብየዳ ቤቱ አካሉን በማይዝግ ሠርቶ እግሮቹን በፌሮ ጨረሳቸው። ከላይ አንድ ዓይነት ቀለም ስለተቀባ ለዓይን አይለይም። ኮምፓሱ ግን ለየው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኮምፓሱን በአሮጌ ባትሪ ካስተካከልን በኋላ አዲስ ባትሪ ከተትን። የባትሪው ቆርቆሮም ማግኔት ይስባል። ማስተካከል ያለባችሁ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ባትሪ ከትታችሁ፣ በራሱ መቆሚያ ላይ ሆኖ ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው። ከመኪና፣ ከቆርቆሮ ቤትና ከኮንክሪት የራቀ ሜዳ ፈልጉ፤ ኳስ ሜዳ ጥሩ ነው፣ ከጎሉ ብረት ራቅ ብላችሁ። መሣሪያውን እንጨት ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። በየ45 ዲግሪው እያዞራችሁ 8 ጊዜ አንብቡ፣ ከእጅ ኮምፓስ ጋር አነጻጽሩ። ስልክ ኪስ ውስጥ አይኑር። ስህተቱ በስምንቱም እኩል ከሆነ አገጣጠሙ ነው የተጣመመው፣ ወይም በመግነጢሳዊ ሰሜንና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት ነው። ባሕር ዳር ላይ ይህ ልዩነት ወደ ምሥራቅ 3 ዲግሪ ገደማ ነው። አንዴ ብቻ ይደመር። መሣሪያው ውስጥ ሞልታችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ከደገማችሁት 6 ይሆናል። ስህተቱ በአንዱ ወገን እየጨመረ በሌላው እየቀነሰ እንደ ማዕበል ከሄደ ግን ብረት አለ። ፈልጉት።

ለክብደት እርሳስ ወይም የአሸዋ ጆንያ ይሻላል። ጥልቅ ባሕር ላይ መልህቁ ከመሣሪያው ብዙ ሜትር ርቆ ስለሚቀመጥ ብረት ቢሆን ችግር የለውም። እንዲያውም የአሮጌ ባቡር ጎማ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው።

ነፋሱ ሳይነሣ ውሃው ተነሣ

ይሄኛው የእኛ ሀገር በሽታ ነው። መመሪያው መጽሐፍ ላይ አታገኙትም።

ምልክቱ ይህ ነው። ነፋሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ይነሣል። ውሃው ግን በመዝገቡ መሠረት 5 ሰዓት ቀድሞ ተንቀሳቅሷል። ውሃ ትንቢት አይናገርም። ምን ሆነ? ልጁ መሣሪያውን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲያበራ የእጅ ሰዓቱን አይቶ 3:00 ብሎ ጻፈ። የነፋስ መለኪያው ግን 9:00 ብሎ ነው የሚቆጥረው። በዓለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ ያው ቅጽበት 6:00 ነው። አንድ ጠዋት፣ ሦስት ቁጥር። ውሃው ነፋሱን በ1 ሰዓት ዘግይቶ ቢከተልም እንኳ መዝገቡ ላይ በ5 ሰዓት ይቀድማል።

ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ከሆነ የሐበሻና የፈረንጅ አቆጣጠር ተደባልቋል። ልክ 3 ሰዓት ከሆነ አንዱ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው ያለው። ድፍን ቁጥር ካልሆነ ግን ሌላ ምክንያት ፈልጉ። የመሣሪያው የውስጥ ሰዓት ዓመት ሲቀመጥ በደቂቃዎች ሊንሸራተት ይችላል። ስታወጡት፣ ሳታጠፉት፣ ከጂፒኤስ ሰዓት ጋር አስተያዩትና ጻፉት።

ቀኑም ያው ነው። መስከረም 1 ቀን 2015 ለማለት 01/01/2015 ብሎ የሞላ ሰው አውቃለሁ። መሣሪያው ጃንዋሪ 2015 ነው ብሎ ዝም አለ። ሐቁ ሴፕቴምበር 2022 ነበር። ጥቅምት 30 ቢሆን ኖሮ 30/02 አይቀበልም ነበርና ያኔውኑ ይነቃ ነበር። ጳጉሜን ቢሆን 13ኛ ወር የሚባል ነገር ስለማያውቅ ይጮህ ነበር። መስከረም ግን በሰላም አለፈ።

መድኃኒቱ አንድ ነው። መሣሪያ ላይ የሚሞላው ዓለም አቀፉ ሰዓት ብቻ ይሁን። ደብተር ላይ ግን ሁለቱንም ጻፉ። ሌላም ማስረጃ ተዉ። መሣሪያውን ውሃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተት ወጣ አድርጉና ሰዓቱን መዝግቡ። የግፊት ሴንሰሩ ሦስቱንም ይይዛቸዋል። በኋላ ክርክር ሲነሣ ዳኛው እሱ ነው።

ጥልቀቱ 2 ሜትር ጎደለ

ጀልባው ላይ፣ አየር ላይ ተቀምጦ «−2 ሜትር» የሚል መሣሪያ አይታችሁ ደንግጣችሁ ይሆናል። ሴንሰሩ አልሞተም። ባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ጣና 1,786 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ እዚህ 82 ገደማ ነው። ልዩነቱ የ2 ሜትር ውሃ ክብደት ያህላል። ዳር ላይ፣ ውሃ ሳይነካው፣ ዜሮ አድርጉት። ወደ ባሕር ሲወርድ ደግሞ እዚያው ዳር ላይ እንደገና። 2,000 ሜትር ላይ 2 ሜትር ማንም አያየውም። 10 ሜትር ላይ ግን ከአምስት አንዱ እጅ ነው።

ፍጥነቱ በጥቂቱ፣ ግን ሁልጊዜ ይስታል

ኤዲሲፒ የምንለው መለኪያ ድምፅ ይልካል፣ ውሃው ውስጥ ካሉ ጥቃቅን ነገሮች ነጥሮ የሚመለሰውን ይሰማል። የሚጠጋ መኪና ጥሩንባ ሲቀጥን፣ ሲርቅ እንደሚወፍር፣ ከድምፁ ለውጥ ፍጥነቱን ያሰላል። ስለዚህ ድምፅ በዚያ ውሃ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። እሱ ደግሞ በሙቀት፣ በጨውና በጥልቀት ይወሰናል።

ባሕር ላይ የሰነበተ መሣሪያ ጨዋማነቱ 35 ላይ (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው ማለት ነው) እንደተሞላ ጣና ላይ ይመጣል። በ22 ዲግሪ ሙቀት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 1,488 ሜትር ይጓዛል። መሣሪያው ጨው አለ ብሎ ስላመነ 1,527 ብሎ ያሰላል። ፍጥነቱን በ2.6 በመቶ ያጋንነዋል። ቀይ ባሕር ስር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ጥልቁ ውሃ ወደ 21.7 ዲግሪ ሙቀትና 40.6 ጨዋማነት አለው። 2,000 ሜትር ላይ ድምፁ ወደ 1,565 ይደርሳል። ተለምዶ ብሎ 1,500 የሞላ ሰው 4 በመቶ ያሳንሰዋል።

ደስ የሚለው ነገር ይህ ስህተት ከልኬቱ በኋላም ይታረማል። እውነተኛውን የድምፅ ፍጥነት በተሞላው አካፍላችሁ ውጤቱን ማባዛት ነው። ለዚህ ግን ምን እንደተሞላ መመዝገብ አለበት።

ጥልቁ ዝም ሲል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጣና ለዚህ አያሠለጥንም። ጣና ሁልጊዜ ይመልሳል። ጉማራና ርብ በክረምት የሚያወርዱት ደለል ብቻ ይበቃል። ለድምፅ ነጥሮ መመለሻ የሚሆን ጭቃ ሞልቷል። እዚህ የለመደ ልጅ መሣሪያው ሁልጊዜ የሚሰማ ይመስለዋል።

ጥልቅ ባሕር ባዶ ቤት ነው። ጥቁር ባሕር ከ150 እስከ 200 ሜትር ካለፈ በኋላ ኦክስጅን ስለሌለው ከባክቴሪያ በቀር ነፍሳት የሉበትም። ቀይ ባሕርና የሜዲትራኒያን ምሥራቁ ክፍልም ጥልቃቸው ጥርት ያለ ነው። መሣሪያው ይጮኻል፣ የሚመልስለት የለም።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ልኬቱ የሚደርስበት ርቀት ያጥራል። ወይም ሌሊት አንድ ያህል፣ ቀን ሌላ ያህል ይሆናል፤ ጥቃቅኖቹ ነፍሳት ሌሊት ወደ ላይ ወጥተው ቀን ስለሚወርዱ ነው። የፍጥነቱ ቁጥር ደግሞ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይዘላል።

አደገኛው ግን ይህ አይደለም። አደገኛው አማካይ ስትወስዱ ነው። ወዲያና ወዲህ የሚዘል ሁካታ ሲደመር ዜሮ አካባቢ ይወርዳል። ገበታው ላይ ቆንጆ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ሰውዬው «ጥልቁ ውሃ አይንቀሳቀስም» ብሎ ይጽፋል። ውሃው ይንቀሳቀሳል። ያልሰማው መሣሪያው ነው። ጥልቅ ፍሰት ብዙ ጊዜ በሴኮንድ ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ስለሆነ ውሸቱ እውነት ይመስላል።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ከፍጥነቱ ጋር የማሚቶውን ጥንካሬና መሣሪያው የሚሰጠውን የመተማመኛ ቁጥር አብራችሁ አውጡ። እነሱ የወደቁበትን ልኬት ሰርዙ። ፍጥነቱ ስላማራችሁ አታስቀሩት። ሁለተኛ፣ ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ምረጡ። 1,200 ኪሎኸርዝ ከ15 እስከ 20 ሜትር ያህል ነው የሚያየው፤ ለጣና ይበቃል። 300 ኪሎኸርዝ 100 ሜትር ገደማ። 75 ኪሎኸርዝ 500 ሜትር አካባቢ። ሦስተኛ፣ ደጋግሞ ይጩኽ። ሁካታው በጩኸቱ ብዛት ስኩዌር ሩት ይቀንሳል። አንድ ጩኸት 10 ሴንቲ ሜትር በሴኮንድ የሚስት ከሆነ 100 ጩኸት ወደ 1፣ 400 ጩኸት ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ባትሪ ግን ይበላል። ባዶ ቤት ውስጥ የሚመልስ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ መቶ ሺህ ጊዜ መጮህም ዋጋ የለውም። ያኔ ገመዱ ላይ ባሉበት ቦታ ብቻ የሚለኩ መሣሪያዎችን በየጥልቀቱ ማሰር ነው።

ነገሩን በዓይን ማየት የፈለገ በቅርብ የሚለካ የድምፅ መለኪያ ወስዶ ሮቶ ውስጥ ይሞክር። ጥርት ያለ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ስታነቡት ቁጥሩ ያብዳል። አንድ እፍኝ ለስላሳ ጭቃ በጥብጡበት። ወዲያው አደብ ይገዛል። ይህን ሳሳያቸው የሚስቁ ልጆች አሉ። ከሳቁ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

የወለሉና የጣሪያው ማሚቶ

ከታች ሆኖ ወደ ላይ የሚያይ መሣሪያ ከውሃው ገጽ ጥግ ለካሁ የሚለውን አትመኑ። ድምፁ በጎን አፈትልኮ ገጹን ሲመታ የሚመለሰው ማሚቶ ከነፍሳቱ ማሚቶ ይበረታል። የድምፁ ጨረር ከቀጥታው 20 ዲግሪ ካዘነበለ ከርቀቱ 6 በመቶ ይጠፋል። 30 ዲግሪ ከሆነ 13 በመቶ። 10 ሜትር ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ቆርጦ መጣል ነው። ከወለሉ 500 ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ታች ለሚያይ ግን 30 ሜትር ይሆናል። ከባዱ ጨዋማ ውሃ የሚሄደው ደግሞ እዚያው ወለል ላይ ተጣብቆ ነው። እዚያ ሌላ መለኪያ አስቀምጡ።

ከወለል ሳንወጣ፣ ክረምት ላይ ጉማራ አፍ በጀልባ ስትለኩ መሣሪያው «ጀልባው ወደ ወንዙ ምንጭ እየሄደ ነው» ቢላችሁ አትገረሙ። የወንዙ ወለል ደለል ራሱ እየሄደ ነው። መሣሪያው ወለሉን ቆሟል ብሎ ስላመነ የውሃውን ፍጥነት ያሳንሰዋል። ማመሳከሪያውን ወደ ጂፒኤስ ቀይሩት።

ማዞሪያው ቆመ

የድሮው ዓይነት፣ በሚሽከረከር ማዞሪያ የሚለካ ከሆነ፣ ለረጅም ሰዓት አንድ ዓይነት ትንሽ ቁጥር ወይም ዜሮ ማየት የተለመደ ነው። የእንቦጭ ሥር፣ የመረብ ክር፣ ወይም ፌስታል ይዞታል። ንጹሕ ሆኖም ከቆመ ፍሰቱ ከመነሻው በታች ነው ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ከ2 ሴንቲ ሜትር በሴኮንድ በታች አይንቀሳቀሱም። ዜሮ ብላችሁ አትጻፉ። «ከ2 በታች» ብላችሁ ጻፉ።

መሣሪያው ራሱ ይዋኛል

ፍሰቱ ሲበረታ ጥልቀቱ አብሮ ይጨምራል? ገመዱ ዘምሟል። ረጅም ገመድ ላይ ያለ መሣሪያ ውሃው ሲገፋው ይተኛል። 400 ሜትር ላይ ነው ያላችሁት 430 ላይ ሊሆን ይችላል፣ ያውም ፍሰቱ በበረታበት፣ በምትፈልጉት ሰዓት። ከላይ ያለውን ተንሳፋፊ ጉልበት ጨምሩ፣ ገመዱን ቀጭን አድርጉ፣ የግፊት ሴንሰር ሳይኖር አትላኩ። ከ15 ወይም 20 ዲግሪ በላይ ያዘነበለበትን ልኬት አትመኑ።

ክብ እየሠራ ይዞራል

ይሄን መሣሪያ አትውቀሱበት። ነፋስ ገፍቶ የተወው ውሃ ምድር ስለምትዞር በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ክብ ይሠራል። የዑደቱ ርዝመት በኬክሮስ ይወሰናል። ባሕር ዳር ላይ 60 ሰዓት ገደማ፣ ቀይ ባሕር መሐል 20 ዲግሪ ላይ 35 ሰዓት፣ ሰሜን ሜዲትራኒያን 42 ዲግሪ ላይ 18 ሰዓት። ጣና ላይ ውሃው ስስ ስለሆነ ሰበቃው ቶሎ ይገድለዋል። ጥልቅ ባሕር ላይ ቀናት ይቆያል።

ጣና ላይ ይልቅ የምታዩት መወዛወዙን ነው። ነፋሱ ወደ አንድ ዳር የከመረው ውሃ ሲለቀው እንደ ሳህን ውሃ ወዲያ ወዲህ ይላል። 84 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 9 ሜትር አማካይ ጥልቀት ብለን ብናሰላው አንዱ ምልልስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አሁን ባትሪ ለመቆጠብ በየ6 ሰዓቱ የሚለካ ሰው አስቡ። የ5 ሰዓቱን ምልልስ በየ6 ሰዓቱ ሲያየው ገበታው ላይ የ30 ሰዓት ዑደት ይወጣለታል። ውሃው ውስጥ እንዲህ ያለ ዑደት የለም። ሲዘገይ ቢዘገይ በሰዓት አንዴ ለኩ። የጠረጠራችሁት ዑደት እውነት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የመለኪያውን ክፍተት ቀይሩት። እውነቱ ባለበት ይቆያል፣ ውሸቱ ይቀያየራል።

መሣሪያው አልተመለሰም

ጥልቅ ባሕር ላይ ተንሳፋፊው ከገጹ በታች ይደበቃል፣ መልህቁም በድምፅ ትእዛዝ ይለቀቃል። መልቀቂያው እምቢ ካለ ሁሉም እዚያው ቀረ። ስለዚህ ሁለት መልቀቂያ ጎን ለጎን ይታሰራል፣ አንዱ ቢሠራ እንዲበቃ። ሁለቱንም ከመላካችሁ በፊት በገመድ አውርዳችሁ እንዲመልሱ ጠይቋቸው። ባትሪያቸው አዲስ ይሁን።

ጣና ላይ ችግሩ ሌላ ነው። እኛ መሣሪያችንን በቢጫ ጀሪካን ምልክት አደረግንበት። ጀሪካን ጣና ላይ የመረብ ምልክት ነው። በሦስተኛው ቀን ሄድን፣ የለም። ቀኑን ሙሉ ስንፈልግ ዋልን። ማታ ላይ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ዳር ላይ ቁጭ ብለው አገኘናቸው። መሣሪያው አጠገባቸው ነው፣ ጋቢ ጣል አድርገውበታል።

«አባባ፣ ይሄ የኛ ነው» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ባለቤት ያጣ መረብ መስሎኝ ሳብኩት። ሳየው ብረት ነው። ወደ ውሃው ልመልሰው ፈራሁ፣ ወደ ቤት ልወስደውም ፈራሁ።»

ከዚያ ወዲህ ምልክት ውሃ ላይ አናስቀምጥም። ከመሣሪያው 30 ሜትር ገመድ ወለሉ ላይ ዘርግተን ጫፉ ላይ ሌላ ክብደት እናስራለን። ቦታውን በጂፒኤስ እንይዛለን። ስንመለስ ባለ ጥርስ ማንጠልጠያ ወለሉ ላይ ጎትተን ገመዱን እናጠምዳለን። ከመጣላችን በፊት ደግሞ ወደቡ ላይ ላሉት ጀልባ ነጂዎች፣ በአቅራቢያው ደሴት ካለ ለገዳሙ አባቶችም እንናገራለን።

መሣሪያው ላይ ድሮ የነበረው ጽሑፍ በፈረንጅ ቋንቋ ብቻ ነበር። አሁን በትልቁ በአማርኛ «የውሃ መለኪያ ነው፣ እባክዎ ባለበት ይተዉት» ይላል፤ ከስሩ ስልክ ቁጥር አለ። ሽማግሌው እንዳሉን አድርገን ደግሞ አንድ መስመር ጨመርንበት፦ «ፈንጂ አይደለም»።